አራት ብሎን

ደብረ ታቦር ውስጥ ጉራ በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሸሪፍ ሐሰን የከተማው አንደኛ ከበርቴ በሆነ፣ ደርግም እንደ ትርፍ ቤት በወረሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ኋላ ስቆጣበት ጠላቱ እንዳልመስል ይህን አስቀድሜ ልናገር። ምጥ የያዛትን ሴት ከእብናት እስከ ሆስፒታል ድረስ በነጻ የሚያደርስ፣ ለክርስቲያኑ ለቅሶ ድንኳን፣ ለሙስሊሙ ሰደቃ እንጨት የሚያመላልስ፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር። አፉ ነው እንጂ። ፈጣሪ አፉን ሲፈጥረው ፍሬን ረስቶበታል።

አባቱ ሐሰን በአህያ ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪፍ ልጅነቱን የጨረሰው አህያ ኋላ እየሄደ፣ አቧራ እየበላ ነው። አንድ ቀን ከሰው ሁሉ ፊት እሄዳለሁ፣ የማንንም አቧራ አልበላም ብሎ የማለውም ያኔ ነው። አድጎ ሾፌር ሆነ፤ ከስንት ልፋት በኋላም አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር የራሱ አደረገ። በእብናት ገበያ ቀን ነጋዴና እህል፣ በበጋ ደግሞ ወገቡን የታመመውን ሁሉ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ትጭናለች። ሽቅብ እያቃሰተች፣ ቁልቁል እየተንገጫገጨች ትሠራለች እንጂ፣ እውነት ለመናገር ቀድማ የደረሰችበት ቦታ የለም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ሸሪፍ ጎንደር ሄዶ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ሞተር አስገጥሞላት መጣ። ባለ ጋራዡ «የአሮጌውን እጥፍ ጉልበት አለው» ብሎታል፤ እውነትም አለው። በዚህ ውሸት የለበትም። ጠዋት ሲያስነሳት የሰፈሩ ርግብ ሁሉ ከጣሪያው ብድግ ይላል።

ታዲያ ዝም ብሎ ይሥራባት? ምን ሲደረግ! ሻይ ቤት ገብቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጀመረ።

«ጉልበቷ እጥፍ ሆኗል። እንግዲህ ሩጫዋም እጥፍ ነው። ሰባ ትሮጥ የነበረች አሁን መቶ አርባ ነው የምትሮጥ። ወላሂ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ልልቀቃትና ወፍ ትቀድመኝ እንደሁ እዩ!»

ጥግ ላይ መምህር ማሩ ተቀምጧል። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ሲናገር ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ክፍል ውስጥ ካልሆነ ድምፁ የማይሰማ ዓይነ አፋር። እንዴት እንደደፈረ እንጃ፣ «አይሆንም» አለ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«መቶ አርባ አትሮጥም። ፍጥነቷን እጥፍ ለማድረግ ጉልበቷ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስምንት! «መምህር፣ ለተማሪዎቹም የምትቆጥርላቸው እንዲህ ከሆነ እግዜር ይሁናቸው!» አለ ሸሪፍ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ማሩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዚያን ዕለት ግን ወለም ያለው የማን አፍ እንደሆነ ገና አልተለየም።

አሁን ስለ ሰሌዳው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከዓመት በፊት፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ፣ የከተማው መኪና ሁሉ መፈክር ተሸክሞ እንዲያልፍ ታዝዞ ነበር። ሌላው ሾፌር ጨርቅ ወጥሮ ተገላገለ። ሸሪፍ እቴ! የበር ያህል ኮምፖንሳቶ አስቆርጦ፣ ቀይ አስቀብቶ፣ ከላይ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት»፣ ከሥሩ ደግሞ በቢጫ «የሸሪፍ ንስር» አስጽፎ፣ ክንፏን የዘረጋች ንስር አሥሎ አመጣ። ከዚያም ከጣሪያው ላይ፣ ዕቃ በሚጫንበት ፖርቶመጋላ ፊት፣ ቀጥ አድርጎ በአራት ብሎን አቆመው። በዓሉ አለፈ። ሌሎቹ ጨርቃቸውን አጥፈው አስቀመጡ። የሸሪፍ ሰሌዳ እንደቆመ ቀረ። አውርድ ያለው የለም፤ አታውርድ ያለውም የለም።

ሚስቱ ዘቢባ «ቆይ፣ ይህ ነገር የሚቆመው ለአብዮቱ ነው ለአንተ?» ብትለው፣ «መፈክር አስወርደሽ ልታሳስሪኝ ነው?» ብሎ አፏን ያስይዛታል። መልሱን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ከገበያ ሲመለስ የሰፈር ልጆች «ንስር መጣች! ንስር መጣች!» እያሉ ሲሮጡለት፣ ሸሪፍ ደረቱ ሸሚዙን ሊቀደው ይደርሳል። ፍርሃትም ነበረበት፤ በዚያ ዘመን ማን ያልፈራ አለ? ግን ከፍርሃቱ ኩራቱ ይበልጥ ነበር።

በኅዳር አንድ ቀን ማለዳ እትዬ አበበች በሩ ላይ ደረሱ። ጎረቤቱ ናቸው፤ ጠላ ጠምቀው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በላይነህ ከሚባል ከአንድ ልጃቸው በቀር ማንም የሌላቸው። የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ገሳይ ሄደው እዚያው አድረው ነበር። እሳቸው በሌሉበት በላይነህ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። ልጁን ያስተማረው ማሩ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ያን ማለዳ በጭነት መኪና ሲጫንም አይቶታል። እትዬ አበበች ከገሳይ መጥተው ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነገሩን የነገራቸው እሱ ነው። አሁንም አብሯቸው ቆሟል፤ ሸሪፍን ግን ቀና ብሎ አያየውም።

«ሸሪፍ፣ የኔ ጌታ» አሉ እትዬ አበበች። በአንድ እጃቸው ጋቢ፣ በሌላው የበሶ ከረጢት ይዘዋል። «ልጄን ወሰዱብኝ። ዓይኑን ሳላየው፣ ሳልመርቀው ወሰዱብኝ። አፈር ስሆን፣ አድርሰኝ።»

መኪኖቹ የሚሄዱበት ይታወቃል። ወረታ ወርደው የፎገራን ልጆች ይጨምራሉ፤ ከዚያ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ባሕር ዳር። ባሕር ዳር መግቢያ ላይ የዓባይ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ወዲያ ጎጃም ነው፣ ሌላ ክፍለ ሀገር፤ ያለ ይለፍ ወረቀት አይታለፍም። ልጆቹ ደግሞ ድልድዩን ከተሻገሩ ጦር ሠፈር ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ እናት አታያቸውም። እንግዲህ ከድልድዩ በፊት መድረስ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

ሸሪፍ አዘነላቸው። እውነቱን ነው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ያ አፉ አላስቀምጥ አለው።

«ኧረ እትዬ አበበች፣ ለዚህ ነው የሚያለቅሱት? ንስርን ይዤ? ፎገራ ሜዳ ላይ ካልደረስኩባቸው ሸሪፍ አይበሉኝ! ኢንሻአላህ ልጅዎን ስመው፣ መርቀው፣ ጋቢውን አልብሰው ይመለሳሉ። ይመኑኝ።»

አመኑት። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጋቢና ገቡ። ማሩም ብቻቸውን አልሰድም ብሎ መካከል ገብቶ ተቀመጠ።

የዓለም በርን ቁልቁለት እንደምንም ወረዱት። ወረታ ላይ አንድ ሱቅ በር የቆመ ሰው «ገና አሁን ወጡ፤ ብትፈጥኑ ትደርሱባቸዋላችሁ» አላቸው። ሸሪፍ ሳቀ። «አላልኩም?» አለና ወደ ሜዳው ገባ።

ፎገራ እንደ መዳፍ ተዘረጋ። ዳገት የለ፣ ጠመዝማዛ የለ። ሸሪፍ ነዳጁን ረገጠ። ስድሳ። ሰባ። ሰባ አምስት። እትዬ አበበች «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። ሰማንያ። ሞተሩ አገሳ፣ ጋቢናው ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሪያው ላይ ሰሌዳው ያፏጭ ጀመር። ሸሪፍ እግሩን እስከ ወለሉ አወረደው። የፍጥነት መለኪያው መርፌ ሰማንያ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ወይ ፍንክች!

«ምን ነካት?» አለ፣ ለራሱ ያህል።

«ነፋሱ ነው» አለ ማሩ።

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ የማይነቃነቅበት ቀን!»

«የሚነፍሰውን አይደለም። አንተ የምትገፋውን ነው።» ማሩ መጀመሪያ ድምፁ ይርገበገብ ነበር፤ ወደ ነገሩ ሲገባ ግን ክፍል ውስጥ እንዳለ ሆነ። «አየር መንገድ አይለቅልህም፤ ገፍተኸው ነው የምታልፍ። በፈጠንክ ቁጥር ይብስበታል። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚመልስህ አራት እጥፍ ነው። ያን አራት እጥፍ ደግሞ በግማሽ ጊዜ ልትገፋው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ስምንት እጥፍ ይጠየቃል። ያን ዕለት ያልኩህ ይህን ነበር። ሞተሩ የሚሰጠውና አየሩ የሚበላው እኩል የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርስ ብትረግጥም ባትረግጥም አትጨምርም። ይኸው ሰማንያ ላይ እኩል ሆናችሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ሌላ ሞተር ከየት ላምጣ?»

«ሞተር አይደለም የሚያስፈልግህ። ሰፌድ ፊት ለፊትህ ዘርግተህ ሮጠህ ታውቃለህ? ሰሌዳው እንደዚያ ነው። አቁምና ፍታው። ጣሪያው ላይ አስተኛው። ለመፍታት የምናጠፋውን ጊዜ መንገድ ላይ እናካክሰዋለን።»

ሸሪፍ ገባው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ገባው! ባይገባው ኖሮ ምን እለው ነበር? አላወቀም፣ ምን ያድርግ እል ነበር። ግን ሰሌዳው ነፋስ ታቅፎ ሲያቃስት መሪው ላይ በእጁ ይሰማው ነበር። እግሩም ከነዳጁ ላላ ብሎ ነበር፤ ሊያቆም ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ሻይ ቤቱ ታወሰው። ያ ሁሉ ሳቅ። ሰሌዳውን ካወረደ ማሩ ልክ ነበር ማለት ነው። ነገ ሰው ሁሉ «ንስሯን ፊዚክስ አወረዳት» እያለ ሊዘባበትበት ነው። ፊቱ ጋለ። እግሩ መልሶ ወለሉ ላይ ወረደ፤ አፉም መናገር የማይገባውን ተናገረ።

«መምህር፣ መፈክሩን አውርድ ነው የምትለኝ? በምስክር ፊት? እስቲ ድገመው።»

የማሩ ፊት አመድ መሰለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ቃል ሰው ታስበላለች። ሸሪፍም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ አውቆም ነው የወረወራት። «እኔ... ምንም አላልኩም» አለ ማሩ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሸሪፍ ያኔውኑ በራሱ አፈረ፤ አፈረና ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ሞተሩ ላይ ጮኸ።

እትዬ አበበች የሁለቱን ንግግር በጆሯቸው ሰሙት እንጂ ልብ አላሉትም። ዓይናቸውም ልባቸውም መንገዱ ላይ ነበር። «እመቤቴ፣ ያዥልኝ፤ አንዴ ብቻ ልየው» ይላሉ። ሐሙሲትን ካለፉ በኋላ ሩቅ ላይ አቧራ ታየ። «እነሱ ናቸው! ሸሪፍዬ፣ እነሱ ናቸው!» አቧራው ይቀርባል፤ ግን ቀስ እያለ ነው የሚቀርበው። ሰሌዳው ያፏጫል። መርፌዋ ከሰማንያ አትነቃነቅም። ሸሪፍ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ የኬላው ገመድ ፊታቸው ላይ ወረደ። የመጨረሻዋ መኪና ድልድዩን እያጋመሰች ነበር። ከኋላዋ ልጆች ተጨናንቀው ቆመዋል፤ አንዱ ጨርቅ ያወዛውዛል፤ ማን እንደሆነ አይለይም። እትዬ አበበች ዘለው ወርደው ደረታቸውን ገመዱ ላይ ጣሉ።

«በላይነህ! በላይነህ ልጄ! እኔ ነኝ! ጋቢህን አምጥቼልሃለሁ!»

ጋቢውን ከፍ አድርገው አወዛወዙ። መኪናዋ ከድልድዩ ወርዳ በዛፎቹ ተጋረደች። ጠባቂው ወታደር ራሱም ገና ልጅ ነው፤ አዘነላቸው። «ምነው እማማ፣ ትንሽ ቀደም ብትሉ! ወረቀታቸው እስኪታይ እዚሁ ቆመው ነበር እኮ። አሁን፣ አሁን ነው የተነሱት።»

ሸሪፍ ያቺን ቃል ሲሰማ መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። ማሩ ሊያየው ይችል ነበር፤ አላየውም። ቢያየው ይሻለው ነበር።

እትዬ አበበች ብዙ ለመኑ። ወታደሩ ጋቢውን እንኳ ተቀብሎ ለማድረስ አልቻለም። በመጨረሻ ጋቢውን አጥፈው፣ በሶውን ይዘው ጋቢና ተመለሱና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ኬላው ከዓይን ሲሰወር ሸሪፍ መኪናዋን አቆመ። ያን ሰሌዳ ማየት አስጠልቶታል፤ ፉጨቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ከሚሰማ መሞት ይሻለው ነበር። መፍቻውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ብሎኖቹን ፈታ፤ ሰሌዳውን አስተኝቶ በገመድ አሰረው። እትዬ አበበች በነጠላቸው ተሸፋፍነው ነበርና ቀና አላሉም።

ከዚያ ነዳ። ያው መንገድ፣ ያው ሞተር፣ ያው ሦስት ሰው። ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። ዘጠና። ፉጨት የለም። ዘጠና አምስት! ሸሪፍ መርፌዋን አያት። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ እንድትሮጥለት ሲመኝ ኖሮ፣ አሁን ስትሮጥለት መቃብር ግባ ግባ አለው። ቶሎ ብሎ እግሩን ከነዳጁ አነሳ፤ ሴትዮዋ እንዳያውቁበት።

አውቀውበት ነበር። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው «ስንመለስ ፈጠነች እኮ» አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «በቅሎም እንዲሁ ናት፤ ፊቷን ወደ ቤቷ ስትመልስ ትፈጥናለች።»

«አዎ፣ እትዬ አበበች» አለ ሸሪፍ። «እንዲሁ ናት።»

ማሩ ጉልበቱን እንዳቀፈ ነው።

ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሸሪፍን ያ ፍርሃቱ መጣበት። ዓመት ሙሉ መፈክር የተሸከመች መኪና ዛሬ ያለ መፈክር ስትገባ ካድሬው ምን ይላል? ከከተማው ዳር አቆመና ሰሌዳውን ፈትቶ አነሳ። ብቻውን አልሆንለት አለ። ማሩ ሳይጠየቅ ወጥቶ ደገፈለት። ብሎኖቹ የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጠው ሊንከባለሉ ሲሉ፣ እግራቸውን ሊያፍታቱ የወረዱት እትዬ አበበች አፈፍ አድርገው በመዳፋቸው ያዟቸው።

«ልያዝልህ፣ ልጄ። እንዳይጠፉብህ» አሉ።

አንዷን አቀበሉት። አጠበቃት። ሁለተኛዋን አቀበሉት። ሦስተኛዋን ሲሰጡት እጃቸው ዘገየ። ቆመው ያዩት ጀመር፤ መፍቻው እንዴት ቶሎ እንደሚዞር፣ ሰሌዳው እንዴት ቶሎ ቀጥ ብሎ እንደቆመ። ያን የበር ያህል ቀይ ነገር አዩ። ወደመጡበት መንገድ ዞረው አዩ። ቀጥሎ ማሩን አዩ፤ ማሩ ፊቱን አዞረ።

«መምህር» አሉ፣ «ጠዋት ፍታው ያልከው ይህንን ነው?»

ማሩ ሰሌዳውን እንደደገፈ መሬት መሬቱን አየ።

«ይህ ተፈትቶ ነው ስንመለስ የፈጠነችው?»

ሸሪፍ መፍቻውን ዝቅ አደረገ። እትዬ አበበች መዳፋቸውን ዘርግተው የቀረችውን አንዲት ብሎን አዩ። ከዚያ ሸሪፍን ቀና ብለው አዩት። አልጮሁበትም። አልረገሙትም። ቢረግሙት ምናለበት!

«ሸሪፍ፣ ለመፍታት የሚፈጀው ይህን ያህል ብቻ ነው?»

«አዎ» አለ ሸሪፍ። ያቺኑ ቃል ደገማት፤ በበቅሎዋ ጊዜ ውሸት ነበረች።

እትዬ አበበች ብሎኗን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውንና በሶአቸውን አነሱ፣ በእግራቸው ወደ ከተማው መንገድ ጀመሩ። ማሩም ተከተላቸው። ሸሪፍ አራተኛዋን ብሎን ሳያስር መኪናዋን አስነሳ። አልፏቸው ለመሄድ አልደፈረም። «ይግቡ» ለማለትም አፍ አጣ፤ ያ አፍ!

የሰፈሩ ልጆች ሰሌዳውን ከሩቅ አይተው «ንስር መጣች! ንስር መጣች!» እያሉ ሮጡ። ሸሪፍ መሪው ላይ አቀርቅሮ፣ የእትዬ አበበችን እግር እግር እየተከተለ፣ በእግር ፍጥነት ከተማ ገባ።